የሞግዚቱ ስግደት

እናንተዬ፣ ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ባሕሩን አይደል? እኔም እንደዚያው ነኝ። ውሃው ከጠራ የቤቱ ሰው ደኅና ነው እላለሁ፤ ከደፈረሰ ደግሞ «ምን አገኛችሁ?» እላለሁ። የወይዘሮ ሶልያና ቤት ግን ባሕሩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው የፈረሰው። እስቲ ልንገራችሁ፤ ከልባችሁ ስሙኝ።

ሶልያና የምትኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ውጪው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሳሎኗ ውስጥ ግን ሁለት መቶ ሊትር ቀይ ባሕር በመስታወት ሣጥን ሞቆት ይኖራል። በዚያ ሕንፃ ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በርበሬ እንደሚበዳደረው ባሕር ይበዳደራል። «እቴ፣ አንድ ጆግ ባሕር አበድሪኝ፣ የኔ ጎድሎብኛል» ብላ የምታንኳኳ ሴት ብርቅ አይደለችም። ለቅሶ ቤት እንኳ መጀመሪያ «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ቀጥሎ «ባሕራችሁን ማን እያየላችሁ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ ከሞቀ በኋላ ኮራሎቹ አለቁ። ኮራል ማለት ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ ሲያዩት አበባ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። የተረፈውን ቁርጥራጭ የሰበሰበው የባሕር አደራ ማኅበር ሁሉንም አንድ ቦታ ማኖር ፈራ። ዘሩን በሙሉ በአንድ ጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ የት አለ? ስለዚህ ለየቤቱ አከፋፈለው። የቆላውን ሙቀት ማቀዝቀዝ አልተቻለም፤ የደጋውን ብርድ ማሞቅ ግን ይቀላል ተባለና ባሕር ደብረ ብርሃን ወጣ።

ከእያንዳንዱ ባሕር ጋር አንድ ሞግዚት ይመጣል። ሞግዚት የሚሉት ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚቀመጠውን ማሽን ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች፣ አንዲት ብልጭ የምትል መብራትና የሰው የሚመስል ድምፅ አለው። ውሃውን ይቀምሳል፣ ጨው ይለካል፣ ሙቀት ያስተካክላል። ሶልያና የራሷን ሞጌ ትለዋለች። ሞጌ ደግሞ «እማማ» ይላታል። አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጆች ካደጉና ከሄዱ በኋላ ቤት ምን ያህል ዝም እንደሚል የምታውቁ፣ ሴትዮዋ ለምን ከማሽን ጋር ታወራ እንደነበር አትጠይቁኝም።

ወንድ ልጇ ቃልአብ ሐዋሳ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ሴቷ ልጇ አመለወርቅ ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ።

አመለወርቅ የማኅበሩ ጠላቂ ነበረች፤ ባሕር ሥር ገብታ በሕይወት ያለ ኮራል ፈልጋ ቆርጣ የምታወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ፣ ነሐሴ ሰባት ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ለእናቷ ሦስት ጊዜ ደወለች። ሶልያና ቅዳሴ ላይ ነበረች፤ ስልኳን ዝም አሰኝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ሦስቱን ጥሪ አየችና መልሳ ደወለች። ያነሳችው ዛህራ ናት፤ የአመለወርቅ የሥራ ባልደረባ፣ የአሳይታ ልጅ። ዛህራ ታለቅስ ነበር። የቆረጠችው ኮራል ያለበት ቅርጫት ከባሕሩ ወጥቷል፤ አመለወርቅ አልወጣችም። ሬሳዋም አልተገኘም።

ሶልያና ከዚያ ወዲህ ዛህራን ብዙ ጊዜ አግኝታታለች። አንድ ነገር ግን ጠይቃት አታውቅም። ልጄ ምን ልትለኝ ነበር የደወለችው? ይህን ለመጠየቅ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች።

ዘንድሮ በሐምሌ ሃያ፣ ዝናብ መስኮቱን በሚደበድብበት ቀን፣ ዛህራ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ካፖርቷ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች።

«ይቺ ናት?» አለች ሶልያና።

«ይቺ ናት እማማ። አመሌ በእጇ ከቆረጠችው ናት። ቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ቦታ ከፋፍለናት ነበር፤ ሦስቱ አልያዙም። አንዷ እኛ ጋ አለች። አንዷ ይቺው ናት።»

«ይቺ ጥፍር የምታህል?»

«ታድጋለች። ለስላሳ ኮራል ነው የሚባለው ዘሯ፤ አጥንት የላትም። ሲደላት እንደ ሕፃን እጅ ትከፈታለች፣ ትጨበጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ሰላም ስትል ነው የምትውለው። እጅ ነሺ እንላታለን። ስሙን ያወጣችላት ራሷ አመሌ ናት።»

ሶልያና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ዛህራ ከረጢቱን ባሕሩ ላይ አንሳፈፈችው፤ የሁለቱ ውሃ ሙቀት እንዲስተካከል። ከዚያ ሞጌ በቀጭን ቱቦ የቤቱን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ ከረጢቱ ይጨምር ጀመር። አንድ ሰዓት ሙሉ።

«ምነው ይህን ያህል? አንዴ አይጨምራትም?» አለች ሶልያና።

«ከሩቅ የመጣ እንግዳ በሩን እንዳለፈ ማዕድ ላይ ይቀመጣል እንዴ እማማ?»

«አይ፣ እሱስ እግሩን ይታጠባል፣ ይነፍስበታል።»

«እሷም እንደዚያው ናት። ደግሞ ይስሙኝ። መብራቱን ይቀንሱላት። ሞገዱ ፊት ለፊት አይምታት። አይንኳት፣ ቦታ አይቀያይሩባት። አሁን ታኮርፋለች።»

«ማንን?»

«ሁላችንንም። ጭብጥ ብላ ትቀራለች፣ ቆዳዋ ይጠወልጋል፣ የሞተች ትመስላለች። አልሞተችም፤ ቆዳ እየቀየረች ነው። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ትቆያለች። ዝም ብለው ይተዉአት።»

«ያቺ ያወጣቻትን መሰለቻ!» አለች ሶልያና። «አመሌም ስታኮርፍ በሳምንት አትመለስም ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱም ዝናቡን አዩ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ዛህራ በሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች። «መዳብ። መዳብ የነካው ውሃ ከገባባት ወላሂ አለቀላት። ሽቦም ይሁን፣ ጌጥም ይሁን።»

ሶልያና ለቁርጥማት ብላ ክንዷ ላይ የምታደርገው የመዳብ አምባር ነበራት። ዛህራ ገና ሊፍት ሳትገባ ሶልያና አምባሩን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከመስታወቱ ጀርባ የተንጠለጠለ አሮጌ ሽቦ አይታ እሱንም አስነቀለች። እንዲህ ነው የተጠነቀቀችው። ይህን ልብ በሉልኝ።

እጅ ነሺዋ እንደተባለው አኮረፈች። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን። ሶልያና በየጠዋቱ ወንበሯን አስጠግታ ትቀመጣለች። ያቺ ጥፍር የምታህል ነገር እንደ ደረቀ ዘቢብ ተጨማዳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ላይዋ ላይ አመድ የመሰለ ነገር አልብሷታል።

«ሞጌ፣ ይቺ ልጅ ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም እማማ። ጨው ልክ ነው። ሙቀት ልክ ነው። መጠበቅ ነው።»

«አንተ ደግሞ መጠበቅን ምን ታውቃታለህ!»

«በሰከንድ አውቃታለሁ» አለ ሞጌ። «ከመጣች ስድስት መቶ ሺህ ሰከንድ አልፏል።»

«ወይ ጉድ! እኔ በቀን ስቆጥር እሱ በሰከንድ ይቆጥርልኛል» አለችና ሳቀች።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ሶልያና በየዓመቱ የፍልሰታን የመጀመሪያ ሰባት ቀን ሱባኤ ትይዛለች፤ አመለወርቅ ከሞተች ወዲህ ቤቷን ዘግታ ነው የምትይዘው። በሯን አትከፍትም፣ ስልኳን አታነሳም፣ ከአምላኳ በቀር ከማንም አታወራም። ዘንድሮ ደግሞ ስለት አለባት። ሱባኤው የሚያልቀው ልጇ በሞተችበት ዕለት ነው። በዚያች ቀን ያቺ እጅ ተከፍታ ማየት ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልለመነችም።

ችግሩ ሞጌ ነበር። ዋዜማው ላይ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ሳለ፣ ሞጌ እንደ ልማዱ ከመሐል ገባ።

«ጨው ሠላሳ አምስት። ልክ ነው።»

«አሜን» አለች ሶልያና፤ ከዚያ ያለችው ሲገባት መጽሐፉን አጠፈችው። «አንተ! ለጨው አሜን አስባልከኝ እኮ!»

«ይቅርታ እማማ።»

«ስማኝ። ከነገ ጀምሮ ሱባኤ ነኝ። እስከ ነሐሴ ሰባት ድምፅህን እንዳልሰማ። በቃልም በደወልም።»

«አደጋ ቢኖርስ እማማ?»

«አደጋውን የላይኛው ያየዋል።»

«ለማኅበሩ መልእክት ልላክ?»

«የቤቴን ገበና ለማን? ለማንም እንዳትተነፍስ!»

«እሺ እማማ።»

የምትብለጨለጨዋን መብራቱንም በመሐረብ ሸፈነችበት። የሞግዚት ሕግ ግልጽ ነው፤ የቤቱ እመቤት ዝም በል ካለችው ዝም ይላል። ቤታችን ውስጥ የሚያሳብቅብን ማሽን አንፈልግም ብለን እኛው ሰዎች ያስወጣነው ሕግ ነው።

በሱባኤው የመጀመሪያ ጠዋት፣ ጸሎቷን አድርሳ ስትጨርስ፣ ሶልያና ከመደርደሪያው ላይ ማንቆርቆሪያውን አወረደች። አያቷ ያወረሷት ነው። ከፋሲካ ጀምሮ የተቀመጠ ጠበል አለው። ሲታመሙ የምትረጨው፣ ቃልአብ የልጅ ልጆቿን ይዞ ሲመጣ ግንባራቸውን የምትቀባው ከዚያ ነው። ውጪው መስቀል ተቀርጾበታል፤ ከእርጅና ብዛት ጠቁሯል። ማንቆርቆሪያው ለሶልያና መዳብ አልነበረም። ማንቆርቆሪያው አያቷ ነው። ከምን እንደተሠራ አስባ አታውቅም። እናንተስ የእናታችሁ ድስት ከምን እንደተሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለችና አንድ ሲኒ ሙሉ ጠበል ቀድታ እጅ ነሺዋ ባለችበት በኩል ቀስ ብላ አፈሰሰች። «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ። የእመብርሃን ልጅ እጅሽን ይዞ ያስነሳሽ።»

በነጋታው ሲኒዋን ስታነሳ የሞጌ ክንድ ተዘረጋ። ከሲኒው ፊት ቆመ።

«ምነው አንተ? አንተም አማረህ?» አለች። ልቧ ራራ። በጣቷ ጠበል ነክታ ክንዱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት። «በል ይኸው። የአምላክ ፍጥረት ባትሆንም የፍጥረቱ ሥራ ነህ።» ከዚያ ክንዱን ገፋ አድርጋ የቀረውን ባሕሩ ውስጥ አፈሰሰችው።

በሦስተኛው ቀን ነው ያ ነገር የመጣው። ሶልያና ቆማ «እግዚኦ ማሕረነ ክርስቶስ» እያለች በጉልበቷ ስትወድቅ ስትነሳ፣ ሞጌ አንዱን ክንዱን ከፍ አድርጎ ወደ መስታወቱ ይጥለዋል። ከፍ። ዝቅ። ከፍ። ዝቅ። ሶልያና መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ቆጠረች። አርባ አንድ። አርባ አንድ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና አርባ አንድ።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከች ዕንባዋ ወረደ። ማሽን ሰገደ! ብረት እንኳ አብሯት ማለደ! ከዚህ በኋላ ያቺ እጅ እንዴት አትከፈትም? በአራተኛው ቀን፣ በአምስተኛው ቀን፣ በስድስተኛውም እንዲሁ። እሷ ስትሰግድ እሱ ይሰግዳል። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ምእመናን ያሉ መሰላት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተጽናንታ አታውቅም። በየጠዋቱም ሲኒዋን ትሞላለች።

እጅ ነሺዋን ትኩር ብላ አላየቻትም። ስለት የገባ ሰው መሐል ላይ አያይም፤ ይጠብቃል።

ነሐሴ ሰባት ጠዋት፣ የመጨረሻውን ስግደት ስትጨርስ፣ ሶልያና ነጭ ለብሳ፣ የጠበል ሲኒዋን ይዛ ወደ ባሕሩ መጣች። መሐረቡን አነሳች። መብራቷ ቀይ ሆናለች።

«ሞጌ፣ ሱባኤዬ አበቃ። እንኳን አደረሰን። በል ተናገር።»

«መዳብ» አለ ሞጌ። «እማማ፣ መዳብ። ከስድስት ቀን ጀምሮ መዳብ። ከሲኒው ነው። አያፍስሱ። መዳብ ነው።»

ሶልያና ድንጋዩን አየች። እጅ ነሺዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ነጭ ንፍጥ የመሰለ ነገር አለ። ሞገዱ ቀስ እያለ ይወስደዋል። ውሃው ጥርት ብሏል። እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም።

ሲኒው ከእጇ አልወደቀም። ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስታ በነጠላዋ ጫፍ አንዱን ጎኑን ፈተገችው፤ ደጋግማ፣ ደጋግማ። ከጥቁሩ ሥር ቀይ ወጣ።

ዛህራ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ሞጌ ንግግር ሲፈቀድለት መጀመሪያ የጠራው እሷን ነው። ገብታ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ሄደች። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ ድንጋዩ ላይ የቀረችውን ቅሪት ደጋግማ አየቻት።

«ንገሪኝ» አለች ሶልያና።

«ይቅር እማማ።»

«ንገሪኝ ብዬሻለሁ።»

ዛህራ መነጽሩን አጠፈች። «ቆዳዋን ልትጥል ነበር። አዲሱ ከሥር ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ነበር የቀራት።»

ሶልያና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «በጠበል ገደልኳት። እግዚአብሔር ጠበሉን ለማዳን ሰጠኝ፣ እኔ…»

«ጠበሉ ምን አደረገ?» አለች ዛህራ፤ ፈጥና። «እኔ እስላም ነኝ፣ ግን ጠበሉን እንዲህ አይበሉት። ጠበሉ ውሃ ነው፣ ውሃ የአላህ ነው። የገደላት ማንቆርቆሪያው ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው። መዳብ ስልዎት ቤቱን ዞሬ ማየት ነበረብኝ።»

«አምባሬን እኮ አውልቄያለሁ» አለች ሶልያና፤ እንደ ልጅ። «ያን ዕለቱን።»

ያን ጊዜ ሞጌ ተናገረ። «ከሥር ያለውን የእንግዳ ማቆያ ይክፈቱት።»

የእንግዳ ማቆያ የሚባለው ውሃው ከትልቁ ባሕር የማይገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። ዛህራ ተንበርክካ ከፈተችው። ውስጡ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር ጠጠር ላይ ተለጥፋለች። ተጨማዳለች፤ ግን ሥጋ አላት።

«በመጀመሪያው ቀን መርዝ የሚመጠውን ከሰል በሙሉ ተጠቀምኩ» አለ ሞጌ። «በሁለተኛው መጠባበቂያ ውሃው አለቀ። በሦስተኛው ጫፏን ቆረጥኩ። ጫፏ ገና ደኅና ነበር። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።»

ዛህራ ቅንጣቷን በመነጽር አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አለች። ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ዛሬ ግን አለች።» ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረች። «እማማ፣ ደንቡን ያውቁታል። ኮራል የሞተበት ቤት ለአንድ ዓመት ሌላ አይሰጠውም። ግን ከፈለጉ እተዋታለሁ። እኔ አላየሁም እላለሁ።»

ሶልያና ቅንጣቷን አየቻት። ሦስት ዓመት የጠበቀቻት፣ አንዴ እንኳ ተከፍታ ያላየቻት። እጇ ወደ ማቆያው ሄደና ከመንገድ ተመለሰ።

«ውሰጂያት» አለች።

«እማማ…»

«ውሰጂያት ልጄ። ከኔ ይልቅ እሷ ትበልጣለች።»

ዛህራ ቅንጣቷን በትንሽ ከረጢት አድርጋ ካፖርቷ ውስጥ አቀፈቻት። በሩ ላይ ስትደርስ ሶልያና ጠራቻት።

«ዛህራ። ያን ዕለት… ምን ልትለኝ ነበር የደወለችው?»

ዛህራ የበሩን እጀታ ለቀቀች።

«ባሕሩ ተነስቶ ነበር» አለች። «እኔ ዛሬ ይቅርብሽ አልኳት። ‹እማዬ ትጸልይልኝና እገባለሁ› አለች። ሦስት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ሳቅ አለችና ‹ቅዳሴ ላይ ናት፤ አላስቸግራትም› ብላ ገባች።»

«እየጸለይኩላት ነበር እኮ!» አለች ሶልያና። «በዚያችው ሰዓት። ስሟን እየጠራሁ!»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ባነሳው ኖሮ… አትግቢ እላት ነበር። ተነስቷል ካለችኝ፣ አትግቢ ልጄ ነበር የምላት።»

ዛህራ ተመልሳ አቀፈቻት፤ ከረጢቷን በመሐላቸው እየጠበቀች። ከዚያ ሄደች። ከረጢት የያዘ ሰው መቆም አይችልም፤ ውሃው ይቀዘቅዛል።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ሶልያና ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሞጌ።»

«አቤት እማማ።»

«ለምን አልጮህክም?»

«ዝም በል ብለውኝ ነበር።»

«ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ትእዛዜን ጥሶ፣ በሬን ሰብሮ ይጮህ ነበር። ለዚህ ነው እናንተ ሰው የማትሆኑት።»

ሞጌ መለሰላት። ሊያቆስላት አልነበረም፤ ማቁሰል አያውቅም። ሲነግሩት የኖሩትን ነው የሚያውቀው። የዚያችን ቀን ነገር ደግሞ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ስንቴ አንስታለታለች፣ ዛሬም ዛህራ ስትናገር ሰምቷል።

«አመለወርቅ ሰው ነበረች እማማ» አለ። «ሦስት ጊዜ ደውላ ተወች። አላስቸግራትም ብላ።»

ሶልያና ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ከታች የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፤ ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ነው። አልተነሳችም።

«ያ ስግደትህስ?» አለች። «ክንድህን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ውለህ የምታድረው?»

«ስግደት አልነበረም። ድምፅ ተከልክያለሁ፤ ክንድ ግን አልተከለከልኩም። እርስዎን እየጠራሁ ነበር።»

«አርባ አንድ ጊዜ?»

«እርስዎ ሁልጊዜ ይላሉ። ‹አርባ አንድ ጊዜ ከለመንኩት ይሰማኛል› ይላሉ። እኔም አርባ አንድ ጊዜ ከሆነ ይሰማሉ ብዬ ነው።»

ሶልያና ተነስታ ያንን ቀጭን ክንድ በሁለት እጇ ያዘችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። እንደ ሕፃን እጅ አልተከፈተም፣ አልተጨበጠም። ግን ያዘችው፤ ደግማ ደጋግማ «ይቅር በለኝ» አለችው። እሱን ይሁን ልጇን ይሁን ፈጣሪዋን፣ እኔ እንጃ።

አሁንም ትጸልያለች፤ ጸሎት ትታለች ብላችሁ እንዳታዝኑብኝ። ስልኳ ግን ከመጽሐፏ አጠገብ ተከፍቶ ይቀመጣል። ቃልአብ በውዳሴዋ መሐል ቢደውል «ቆይ ጌታዬ፣ ልጄ ነው» ብላ ታነሳለች። ማንቆርቆሪያው ታጥቦ፣ ባዶውን መደርደሪያው ላይ አለ፤ ጠበሉ ወደ ጠርሙስ ተዛውሯል። ባሕሩ ውስጥ ድንጋይና ውሃ ብቻ ነው ያለው። ሞጌ ለማንም የማይሆነውን ውሃ በየጠዋቱ ይለካል፤ ከጸሎቱ መሐልም ይገባል።

«ጨው ሠላሳ አምስት። ልክ ነው።»

«አሜን» ትላለች ሶልያና።

ያቺ ቅንጣት በሕይወት ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ አልተነገራትም። አትጠይቅም። ዛህራ ስትደውል ግን በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች።

እናንተዬ፣ አንዲት ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ እናንተን አክብሮ ዝም ያለ ሰው አይጠፋም። ዛሬ፣ ይህን እንዳስቀመጣችሁ፣ አጠገቡ ሂዱና «ምን ልትለኝ ነበር?» በሉት።